መኪናውን ከሣሩ ላይ አውርዱልን

ፎቶው ሁልጊዜ አንድ ነው። ነጭ ላንድክሩዘር፣ ታጥቦ የሚያብለጨልጭ፣ ጎማው ሳይቀር የተወለወለ፣ አፍንጫውን ትንሽ ወደ ግራ አዙሮ ሰፊ ሣር መሐል ቆሟል። ከኋላው ተራራ፣ ከተራራው በላይ ደመና። ሰው የለም። ከብት የለም። ጎጆ የለም። መንገድ የሚባል ነገርማ ጭራሹኑ የለም። መኪናው ከሰማይ የወረደ ነው የሚመስለው። በግድግዳ ካላንደር ላይ አይታችሁታል። በሙዚቃ ክሊፕ ውስጥ ዘፋኙ ኮፈኑ ላይ ወጥቶ እጁን ሲያወናጭፍ አይታችሁታል። ጥር ሲመጣ ሙሽራና ሙሽሪት ተደግፈውት ታዩታላችሁ። የጎረቤት ልጅም መኪና የገዛ ሰሞን ስልኩን አውጥቶ ያሳያችኋል። «የት ነው?» ስትሉት «ከደብረ ብርሃን ወዲያ፣ አንድ በጣም የሚያምር ቦታ አለ» ይላችኋል። የቦታውን ስም አያውቀውም። የሞተሩን ጉልበት ግን በፈረስ ቆጥሮ ይነግራችኋል።

እኔ ከመኪና ጋር ጠብ የለኝም። መኪና ያገኘ ሰው ደስ ቢለው፣ ደስታውንም ፎቶ ቢያነሳው እሰየው። በዚህ አገር አንድ መኪና የስንት ዓመት ላብ፣ የስንት ዕቁብ፣ የስንት ብድር ውጤት እንደሆነ እናውቃለን። ጠቤ ከፎቶው ጋር ነው። ይኼ ፎቶ ሁለት ጥፋት አለበት፤ ይዋሻል፣ ይሰርቃልም። አይገርምም፣ ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው። መጀመሪያ ቦታው ባለቤት የሌለው መስሎ እንዲታይ ያደርጋል፤ ባለቤት ከሌለው ደግሞ ገብቶ መቆም ምን ነውር አለው?

እስኪ ከውሸቱ እንጀምር። ያ ላንድክሩዘር ሣሩ መሐል የተገኘው እንዲህ ነው። ማለዳ ከአዲስ አበባ ይነሳል፤ ደብረ ብርሃን ላይ ቁርስ ይበላል፤ ታርማ በር ሲደርስ የደሴውን አስፋልት ትቶ ወደ ግራ ይታጠፋል፤ በመዘዞ በኩል ወደ ጓሳ ይወጣል፤ ከጓሳ ቀጥሎ መሐል ሜዳ ነው። ከዚያም ወደ ሰሜን ለሚቀጥል ሰው ግሼ ይመጣል፤ የግሼ ከተማ ራቤል ናት። ይህንን ሁሉ አገር የሄደው በመንገድ ነው። መንገዱን ድንጋይ ፈልጠው፣ ቦይ ቆፍረው፣ አፈር ተሸክመው ያወጡት ሰዎች ናቸው። በክረምት ሲናድ የሚጠግነው ሰው ነው። ጭቃ ሲይዘውም የሚገፋው ሰው ነው። ፎቶው ላይ ግን ያ መንገድ ተቆርጦ ወጥቷል። ባለመኪናው 260 ኪሎ ሜትር ያህል በሰው ልፋት ላይ ተንከባልሎ መጥቶ፣ የመጨረሻዋን 50 ሜትር ሣሩን ጥሶ ይገባና፣ በዚያች በ50 ሜትሯ ነው እንግዲህ «ድንበር የማይገድበው ጀግና» የሚባለው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። መኪና ወደዚህ አገር ሲመጣ በሰው ታጅቦ ነው የመጣው። ቤዴ ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. ከ1907 ወደ 1908 መሸጋገሪያ ላይ ከጅቡቲ ተነስቶ በአውቶሞቢል ወደ ዐፄ ምኒልክ ከተማ ሲጓዝ፣ መኪና የሚሄድበት መንገድ ገና አልተቀየሰም ነበር። ክሊፎርድ ሃሌ ስለዚህ ጉዞ የጻፈው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1913 ታትሟል። ከዚያ ወዲህ በነበሩት ዓመታት የተነሱትን የቆዩ ፎቶዎች የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል፤ መኪናው ብቻውን ቆሞ አይታይም። ባለነጭ ኩታው፣ ባለጠመንጃው፣ ሕፃኑ፣ መነኩሴው፣ ሁሉም ከብቦት ነው። ግማሹ ካሜራውን ያያል፣ ግማሹ መኪናውን፣ አንዳንዱ ደግሞ ጎማውን ጎንበስ ብሎ ያያል። ዛሬ ያንን ፎቶ ለባለሙያ ብታሳዩት «ጀርባው ተጨናንቋል» ይላችኋል። እኔ ግን ከዚያ ፎቶ መኪናው ምን ማለት እንደነበር እረዳለሁ። ከካላንደሩ ፎቶ የምረዳው ቢኖር መኪናው መታጠቡን ነው።

በኋላም፣ በየክፍለ ሀገሩ ፎቶ ቤት ግድግዳ ላይ በቀለም የተሳለ መኪና በነበረበት ዘመን፣ ሰውየው ከፊት ቆሞ ይነሳ ነበር። መኪናው ውሸት ነው፤ ጎማው እንደ ዳቦ ያበጠ፣ በሩ የማይከፈት። ሰውየው ግን እውነት ነው። አሁን ተገልብጦ መኪናው እውነት ሆነና ሰውየው ጠፋ።

ራቤል ውስጥ አንድ ሻይ ቤት በገበያ ቀን ተቀምጬ ነበር። ግድግዳው ላይ እንደ ልማዱ ካላንደር ተሰቅሏል፤ ዓመቱ ያለፈበት፣ ለፎቶው ሲባል ብቻ ያልተነቀለ። ያው ነጭ መኪና፣ ያው ሣር። አጠገቤ ባና የደረቡ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ካላንደሩን ለረጅም ጊዜ ሲያዩት ቆዩና «ልጄ፣ ባለቤቱ ማነው?» አሉኝ።

«እኔ እንጃ አባባ፤ የአስመጪ ድርጅት ማስታወቂያ ነው መሰለኝ፤ መኪናው የድርጅቱ ይሆናል» አልኳቸው።

«መኪናውንማ ምን አደርገዋለሁ» አሉ፣ «የሣሩን ነው የጠየቅሁህ።»

ከዚያ ሻያቸውን ፉት ብለው ወደ ሌላ ወሬ ሄዱ። እኔ ግን ከጥያቄያቸው ጋር ቀረሁ። ለእኛ ለከተሜዎቹ ያ ሣር «ጀርባ» ነው፤ ፎቶ አንሺ በሚያወራበት ቋንቋ ማለቴ ነው። ለእሳቸው ሣር ነው። ሣር ደግሞ በዚያ አገር ባለቤት አለው፣ የሚታጨድበት ጊዜ አለው፣ የሚከለከልበት ጊዜ አለው፣ ዳኛም አለው።

ይህን የማያውቅ ካለ ጓሳን ይጠይቅ። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር ከፍታ የሚጀምረው ያ ደጋ በሕዝብ የተጠበቀ የሣር አገር ነው። ጥበቃው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደመጣ ይነገራል። የአስቦና የጌራ ወገኖች ሣሩን የጋራ አድርገው፣ አለቃ መርጠው፣ ቀሮ በሚባል ሥርዓት ያስተዳድሩት ነበር። ለሦስትም ለአምስትም ዓመት ይዘጋል፤ በዚያ መሐል ማጨድ የለም፣ ከብት ማስገባት የለም፣ እንጨት መልቀም የለም። ጊዜው ደርሶ ሲከፈት ሁሉም እኩል ይገባል። ሣሩ የቤት ክዳን ነው፣ ገመድ ነው፣ ዝናብ መከላከያ ገሳ ነው። አጥፍቶ የተገኘ ሰው «አላወቅሁም ነበር» ብሎ የሚያመልጥበት ቀዳዳ አልነበረም። የየካቲት 25 ቀን 1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ርስቱን ሲያፈርሰው ቀሮም አብሮ ፈረሰ፤ ሣሩም የማንም ሆኖ ብዙ ተጎዳ። ሕዝቡ ግን ዝም ብሎ አላየውም። ኮሚቴ አቋቁሞ፣ ሕገ ደንብ አውጥቶ፣ ጥበቃውን እንደገና አቆመው፤ በኋላም የክልሉ መንግሥት የኅብረተሰብ ጥብቅ ሥፍራ ብሎ አወቀለት።

እንግዲህ መኪናችሁን ለፎቶ ብላችሁ የምትነዱበት ሣር ይኼ ነው። የመንዝ ሰው ራሱ፣ ከብቱ በድርቅ ሲከሳ እያየ፣ ጣራው እያፈሰሰ፣ «ጊዜው አልደረሰም» ብሎ ያልነካው ሣር ነው። ንጉሥ ያስከበረው እንዳይመስላችሁ፤ እርስ በርሱ ተማምሎ ያስከበረው ነው። እናንተ ቅዳሜ ጠዋት መጥታችሁ ለአንድ ፎቶ ትገቡበታላችሁ።

«አንድ መኪና፣ አምስት ደቂቃ፣ ምን ይጎዳል?» የሚል አይጠፋም። ይህን የሚለው ሰው ደጋ አያውቅም። እዚያ ብርዱ የማታ የማታ ውርጭ ነው፤ ሣር የሚያድገው በቀስታ ነው። መሬቱ ደግሞ ስፖንጅ ነው፤ ዝናቡን መጥጦ ይዞ በበጋ ለምንጩ ቀስ እያለ የሚለቅ። ሁለት ቶን የሚበልጥ መኪና እርጥብ አፈር ላይ ሲወጣ ያንን ስፖንጅ ይጨምቀዋል። የታመቀ አፈር ውኃ አያስገባም፤ ያልገባ ውኃ በጎማው ፈለግ ይወርዳል፤ የወረደበት ቦይ ይሆናል። ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ግን ሌላ ነው። ሁለተኛው መኪና የመጀመሪያውን ፈለግ አይቶ «እዚህ ይገባል ማለት ነው» ብሎ ይከተላል። ሦስተኛው ፈለጉ ጭቃ ስለሆነበት ጎን ለጎን ሌላ ያወጣል። በሁለት ክረምት ውስጥ ሣሩ መሐል ማንም ያልቀየሰው ፒስታ ይወጣል። ፎቶ አንሺውም በሦስተኛው ዓመት ሲመጣ «ቦታው ተበላሽቷል» ብሎ አዲስ ቦታ ይፈልጋል።

ሣሩ ሥር የሚኖረውንም እንጥቀስ። የጓሳ ሣር ከሥሩ የአይጥ መንደር ነው። ቀይ ቀበሮ በዚያ ብርድ ነፍሱን ያቆየው በእነዚህ አይጦች ነው። በዓለም ላይ የቀረው ጎልማሳ ቀይ ቀበሮ 500 አይሞላም ይባላል፤ ሁሉም ያለው እኛ አገር ነው። ጭላዳውም ሣር በሊታ ነው። ዳቦ እየወረወረ ጭላዳ ወደ ኮፈኑ የሚጠራ ባለካሜራ እንዳለ አውቃለሁ፤ እሱን ብቻውን አንድ ቀን እንመለስበታለን። ሣር የሚበላን እንስሳ ዳቦ አስለምዶ፣ ሣሩን በጎማ ረግጦ፣ «ከተፈጥሮ ጋር» ብሎ ጽፎ መለጠፍ! ድፍረት ነው።

«ከብትስ ይገባ የለም ወይ?» የሚልም አለ። ይገባል፤ ሲፈቀድለት ነው የሚገባው። የከብቱን ባለቤት ሁሉም ያውቀዋል፤ ካጠፋ ዳኛ ፊት ይቆማል። የእናንተ መኪና ታርጋ ግን ፎቶው ላይ እንኳን አይታይም፤ በኮምፒዩተር ደብዝዟል።

በጣም የተማሩት ደግሞ «ማስታወቂያ ነው፤ ቱሪስት ይስባል» ይላሉ። የቱን ቱሪስት? ፎቶው ላይ የቦታው ስም አልተጻፈ! አዲስ አበባ ያለ ተመልካች ይቺን አገር ከኬንያ ይሁን ከስዊዘርላንድ በምን ይለያታል? ለዚያ ሕዝብ ከፎቶው ምን ደረሰው? ደግሞም የዘመኑን ነገር ማንሳት አለብን። በአማራ ክልል በ2015 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ከተቀሰቀሰ ወዲህ በዚያ አገር ለሽርሽርም ለፎቶም መንገድ መሄድ እንደ ቀድሞው አልሆነም። ፎቶዎቹ ግን እዚህ፣ በየቢሯችን ግድግዳ ላይ፣ ያንን አገር ሰው የማይኖርበት ሰላማዊ ሣር አድርገው ማሳየታቸውን አላቆሙም። ሰው አልባ ፎቶ በደህናው ጊዜ ቸልታ ነው ብለን ብናልፈው፣ በክፉው ጊዜ ከቸልታም የከፋ ነው። አንድ ሕዝብ ጭንቅ ላይ ሆኖ አገሩን የምናየው ጎማ ለመሸጥ በተነሳ ፎቶ ከሆነ ምን ቀረን?

ለመሆኑ ይህን ነገር ከየት ተማርነው? ከፈረንጅ ማስታወቂያ ነው። እዚያ የመኪና ፎቶ ትልቅ ንግድ ነው፤ የመጀመሪያው ሕጉም «ጀርባውን አጽዳ» ይላል። መነሻው ትክክል ነበር። ከጣራው ላይ የበቀለ የሚመስል የመብራት ምሰሶ፣ ከመስታወቱ ኋላ የሚያልፍ ቆሻሻ መኪና የመኪናውን ቅርጽ ያበላሻሉ። ስለዚህ ባለሙያው ከጀርባ የሚጋጭ ነገር እንዳይኖር ቆሞበት የነበረውን ቦታ ይለውጣል። እኛ ዘንድ ሲደርስ ግን «አጽዳ» ማለት «ሰው አባር» ማለት ሆነ። እረኛው ልጅ «ዘወር በል!» ይባላል። በጎቹ ከገዛ ግጦሻቸው ይነዳሉ። ፎቶው ካለቀ በኋላ ልጁ አሥር ብር ይሰጠውና እንደገና እንዲገባ ይደረጋል፤ በሥራ ፈቃድ እንደወጣ ሰው።

የሚገርመው፣ ያስተማሩን ፈረንጆች ራሳቸው እየተመለሱ ነው። እ.ኤ.አ. ኅዳር 2023 የእንግሊዝ የማስታወቂያ ተቆጣጣሪ የቶዮታ ሃይሉክስን ሁለት ማስታወቂያዎች እንዳይታዩ አግዷል። ማስታወቂያዎቹ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጡ ናቸው። በአንደኛው ብዙ መኪኖች እንደ አውሬ መንጋ ሜዳውንና ወንዙን እያቋረጡ ይጋልባሉ። ተቆጣጣሪው ተፈጥሮ ላይ ለሚደርሰው ጉዳት ግድ የሌለው አነዳድን ያበረታታል አለ። ኩባንያው መሬቱ የግል እንደሆነና ቀረጻው በፈቃድ እንደተካሄደ ተከራክሮ ነበር፤ አላዋጣውም። እዚያ በባለቤቱ ፈቃድ የተነሳው ከታገደ፣ እዚህ ያለፈቃድ የሚነሳው ምን ይባላል? እኛ ጋ እኮ ጭራሽ ጥያቄውም አልተነሳም! የጠየቁት እኚያ የራቤል ሽማግሌ ብቻ ናቸው።

አሁን ደግሞ አዲስ ነገር መጥቷል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሎ ገበያው ወደ ኤሌክትሪኩ ዞሯል። ማስታወቂያውም ዞረ፤ ግን ወደ ባሰ ሣር ነው የዞረው። «ከአካባቢ ጋር የተስማማች» ስለሆነች አረንጓዴ ላይ መቆም አለባት የሚል ሐሳብ ነው። እውነት ነው፣ ኤሌክትሪኳ ጭስ የላትም። ጎማ ግን አላት። በዚያ ላይ ባትሪዋ ከባድ ነው፤ ተመሳሳይ ቁመት ካላት የቤንዚን መኪና ትበልጣለች እንጂ አታንስም። ሣሩ የሚያውቀው ክብደቷን ነው።

ተቃውሜ ብቻ እንዳልቀር፣ ስለ ፎቶው ራሱ እናውራ። ምክንያቱም የእኔ ሙግት «ቆንጆ ፎቶ አታንሱ» የሚል አይደለም። ሣሩ ላይ የቆመው መኪና ፎቶው ራሱ መጥፎ ነው የምለው። ለምን ሣሩ ላይ እንደሚወጡ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ስልክ ስለያዙ ነው። የስልክ ካሜራ ዋናው ሌንሱ ሰፊ ነው፤ ብዙ አገር በአንድ ጊዜ ይይዛል። በሰፊ ሌንስ መኪናውን ከሦስት ሜትር ስታነሱት አፍንጫው ያብጣል፣ ኋላው ይኮማተራል፣ ተራራው ደግሞ ሸሽቶ ጉብታ ይሆናል። ፎቶ አንሺው «ተራራው ጠፋ» ይልና መኪናውን ወደ ተራራው ያስጠጋል። አምስት ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ ተራራ በ50 ሜትር አይቀርብም! ሣሩ ይረገጣል እንጂ ተራራው ያው ነው። እንደገና ያስጠጋል።

መፍትሔው ተቃራኒው ነው። መኪናው መንገዱ ላይ ይቁም፤ የሚሄደው ፎቶ አንሺው ነው። አርባ፣ ሃምሳ እርምጃ ወደ ኋላ በመንገዱ ይሂድና ረጅም ሌንስ ይጠቀም፤ ስልክ ከሆነ ሁለት እጥፍ ሦስት እጥፍ የሚያቀርበውን ይምረጥ። ያኔ ተራራው ራሱ መጥቶ ከመኪናው ጀርባ ይቆማል፣ ግዙፍ ሆኖ። መኪናውም ትክክለኛ ቅርጹን ያገኛል። ሣሩን ከፈለጋችሁት በመንገዱ ዳር ቁጢጥ በሉ፤ ካሜራውን ዝቅ አድርጋችሁ በመንገዱ ጠርዝ ያለውን የሣር ጫፍ ከፊት አስገቡት። መኪናው ሣር ውስጥ ያለ ይመስላል፤ አንዲት ዘለላ ግን አልተረገጠችም። ይህ ውሸት አይደለም ወይ? አይደለም፤ መንገዱ እዚያው ይታያላ።

መንገዱ እንዲታይ ደግሞ አጥብቄ እከራከራለሁ። መንገድ የሌለበት የመኪና ፎቶ ወንዝ እንደሌለበት የጀልባ ፎቶ ነው። ዓይን የሚገባበት በር መንገዱ ነው፤ ከፎቶው ጥግ ተነስቶ እየተጠማዘዘ መኪናው ጋ ይደርሳል፣ ከመኪናው አልፎም ወደሚሄድበት ይወስዳችኋል። ለዚህ ነው ከመኪናው አፍንጫ ፊት ባዶ ቦታ የሚተወው፤ መሄጃ እንዲኖረው። አፍንጫውን ከፎቶው ጠርዝ ጋር ያጋጨ ሰው መኪናውን ግድግዳ ላይ አቁሞታል።

ብርሃኑም ቢሆን። የከተማ ሰው አርፍዶ ስለሚነሳ ስድስት ሰዓት ላይ ይደርሳል። በዚያ ከፍታ የስድስት ሰዓት ፀሐይ ምሕረት የላትም፤ ነጩን መኪና ወረቀት ታደርገዋለች፣ ከሥሩ ያለውን ጥላ ከሰል። በመስታወቱ ላይ ሰማዩ ይንጸባረቅና ውስጡ አይታይም። ለዚያኛው ነጸብራቁን የሚቆርጥ የሌንስ ማጣሪያ አለ፤ ለፀሐይዋ ግን መድኃኒቱ አንድ ነው፤ በጠዋት መነሳት። ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ፣ ውርጩ ገና ሳይለቅ፣ ብርሃኑ በጎን ሲመጣ፣ ያደፈ መኪና እንኳን ያምራል። እንዲያውም ያደፈው ይበልጣል። ከታርማ በር ወዲያ የሄደ መኪና ጎኑ ላይ የመንገዱን አቧራ ይዞ ካልታየ፣ ተጭኖ መጥቷል ወይም ምንጭ ላይ ቆሞ ታጥቧል ማለት ነው። የሰው መጠጥ ውኃ ላይ!

ሰውም ይግባ። ባለመኪናው ራሱ ይግባ እንጂ ለምን ይሸሻል? የሚያልፈው አህያ ነጂ ይለፍ። ስትጠይቁት ፈቃደኛ ከሆነ ይቁም። ሰው ሲቆም ነው መኪናው ትልቅ ይሁን ትንሽ፣ ተራራውም ስንት እንደሆነ የሚታወቀው። ይህን ስል ግን የእርዳታ ድርጅቶችን ፎቶ እየመከርኩ እንዳይመስላችሁ። እሱም የራሱ በሽታ አለው። በዓመታዊ ሪፖርቶች ሽፋን ላይ ታውቁታላችሁ፤ የመኪናው በር ከነአርማው ከፊት ግማሹን ገጽ ይይዛል፤ ከአርማው ወዲያ፣ ደብዘዝ ብለው፣ ነጠላቸውን የደረቡ እናቶች ተሰልፈዋል። እዚያ ሰው አለ፤ ግን እንደ ሣሩ ነው ያለው፣ ጀርባ ሆኖ። ከዚያስ የመኪና ደላላው ፎቶ ይሻላል። ደላላው አጥር ሥር አቁሞ አራቱንም ጎን፣ ጎማውን፣ የሄደበትን ኪሎ ሜትር ያነሳል። ጭረት ያለበትን ጎን በጥላ ይሸፍን ይሆናል፤ ቢሆንም የሚሸጠው መኪና ነው፣ ሰውም አገርም አብሮ አይሸጥም።

ለአስመጪዎችና ለካላንደር አሳታሚዎች አንድ ጥያቄ አለኝ። ከፎቶው ግርጌ የመኪናውን ዓይነት እንደምትጽፉ ሁሉ የቦታውን ስም ጻፉ፤ ማን እንደፈቀደላችሁም ጻፉ። በጓሳ ኮሚቴ አለ፣ ጥበቃ አለ፤ ሄዳችሁ ብትጠይቁ የሚመልስላችሁ ሰው አታጡም። «እዚህ አይቻልም» ካላችሁ አይቻልም። «መንገዱ ላይ ሁኑ» ካላችሁም መንገዱ ላይ ሁኑ። ለቀረጻ መክፈል ካለባችሁ ክፈሉ፤ ለአዳራሽ ኪራይ ትከፍሉ የለ? ሙሽሮችን ለሚያነሱ ወጣቶችም ይኸው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ መናፈሻ ገብታችሁ ስታነሱ የመግቢያ ትኬት ትቆርጣላችሁ፤ መኪናችሁንም አበባው ላይ አትነዱም፣ ዘበኛው አለና። ደጋው ላይ ዘበኛው ገሳ ለብሶ ስለሆነ አላያችሁትም እንጂ አለ።

ከዚያ አገር ካየኋቸው የመኪና ፎቶዎች አብልጬ የምወደው አንድ አለ። ያነሳው ረዳት ነው፣ በተሰነጠቀ ስልክ፤ ወደ ራቤል በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ሐምሌ ውስጥ። እህል የጫነ አይሱዙ እስከ ወገቡ ጭቃ ውስጥ ገብቷል። አሥራ አራት ሰው ቆጥሬያለሁ። ስድስቱ ከኋላ ይገፋሉ፤ ሁለቱ ድንጋይ ተሸክመው ወደ ጎማው ይመጣሉ፤ አንዲት ሴት ዣንጥላ ይዛ ለሾፌሩ መንገዱን በእጇ ታመለክታለች፤ የቀሩት ምክር ይሰጣሉ። ፎቶው ትንሽ ዘሟል። ዝናቡ ሌንሱ ላይ ሁለት ነጠብጣብ ጥሏል። ከመንገዱ በስተቀኝ ሣሩ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ መሬቱ እዚያ ደልደል ያለ ስለሆነ ሾፌሩ በዚያ በኩል ዞሮ ማለፍ ይችል ነበር። ረዳቱን ለምን እንዳልዞሩ ጠየቅሁት። «የሰው ሣር ነዋ» አለኝ፣ ጥያቄዬ ገርሞት።